ደባርቅ፦ ከተራራው በፊት ያለችው ከተማ

ስሜን ተራሮች ሲባል መቼም በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ገደሉ፣ ዋልያውና ጭላዳው ነው። ደባርቅን የሚያነሳት ሰው ብዙ አይደለም። እኔም ሄጄ እስካያት ድረስ ዝም ብሎ ማለፊያ ትመስለኝ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከተማዋ ለተጓዡ ምን እንደምታደርግ፣ ለተራራውም ምን እንደከፈለች ለማሳየት እሞክራለሁ።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ነች። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ነው። ጎብኚው መጀመሪያ እዚህ ይቆማል፤ መግቢያውን ይከፍላል፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ ከነነጂው የሚፈልግም ከዚሁ ይይዛል። ወደ ላይ ከወጡ በኋላ እንደ ልብ የሚሸመት ነገር ስለሌለ ስንቅም የሚሞላው ከደባርቅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከጎንደር ተነሳን። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ጎበዝ ነን ብለን፣ ደባርቅ ሳናድር በዚያው ቀን በመኪና ሳንቃበር ወጣን። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ነው። ማታ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ አንዱ ጓደኛዬ ሲያስታውስ አደረ። አባት የሚሆኑን ስካውታችን እሳት እያነደዱ፣ “ልጆቼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እኮ! ደባርቅ አድራችሁ ብትመጡ ምን ነበረበት?” አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይሄን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ከሳንቃበር በላይ ጨነቅ 3,600 ሜትር ያልፋል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ደባርቅ የሚታደርዋ አንዲት ሌሊት የጉዞው የመጀመሪያ ደረጃ እንጂ የባከነ ቀን አይደለችም።

ሌላው ቁም ነገር ተራው ነው። ስካውቱም፣ አስጎብኚውም፣ ባለበቅሎውም በተራ ነው የሚሠሩት። አንዱ ወጥቶ ሲመለስ ሌሎቹ እስኪዳረሱ ይጠብቃል። ጎብኚ ሲበዛ ተራው ቶሎ ይዞራል፤ ሲጠፋ ግን ወራት ይፈጃል። በቅሎ ነጂያችን ከዚያ በፊት የወጣበትን ቀን ለማስታወስ ሲቸገር አይቻለሁ።

ከተማዋ ለተራራው የከፈለችውም አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር መመናመንና በፓርኩ ውስጥ የነበረው እርሻና ሰፈራ ይገኙበታል። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከዝርዝሩ ወጣ። የዓለም ዜና የሆነው መውጣቱ ነው። ገበሬ የነበረው ሰው ከተማ ገብቶ እንዴት እንደሚኖር ግን ብዙ አልተጻፈም። ይሄ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የቤት ሥራ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ በ2020 ኮቪድ መጣ፤ በዚያው ዓመት የተጀመረው ጦርነት በ2021 እስከ ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሳ። በእያንዳንዱ ጊዜ ቀድሞ የሚቆመው ያ ተራ ነው።

ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ሰላም ከሆነ ግን ደባርቅ ይደር፤ ስንቁን ከደባርቅ ገበያ ይግዛ፤ ተራ የደረሰውን ሰው ይዞ ይውጣ። ተራራው የትም አይሄድም፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ግን ልጆች አሉት።