«እርምጃ» ወይስ «ደረጃ»? የኮርድ አጃቢን በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ስለ መመዝገብ የቀረበ የስያሜ ሐሳብ

አንድ ሙያዊ ቃል ሲተረጎም፣ በምንጩ ቋንቋ ካለው የዘወትር ፍቺ ይልቅ በሙያው ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት መመርመር ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ መምሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ስሕተት የሚያስከትሉ ጥቂት ቃላትን ያነሣል። በቅድሚያ አሠራሩን ያስረዳል፤ ቀጥሎም ስያሜዎቹን ያቀርባል።

አጃቢ ያለው ኪቦርድ የከበሮ፣ የቤዝና የሌሎች መሣሪያዎች አጫጭር ቅንብሮች ተዘጋጅተው በውስጡ ተቀምጠዋል። ተጫዋቹ በግራ እጁ አንድ ኮርድ ሲነካ፣ መሣሪያው ቅንብሩን ከኮርዱ ጋር አስማምቶ ያሰማል፤ ሌላ ኮርድ እስኪነካም ድረስ በዚያው ይቀጥላል። የኮርዶቹን ቅደም ተከተል በማኅደረ ትውስታ ለማኖር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ምቱን ተከትሎ እየተጫወቱ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ሙዚቃው ቆሞ ሳለ ኮርዶቹን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። በሁለተኛው መንገድ ጊዜ የሚያልፈው አስገቢው ሲያሳልፈው ብቻ ስለሆነ፣ እጁ ያልፈጠነ ሰው እንኳ ፈጣን አጃቢ ምቱን ሳይስት ሊያዘጋጅ ይችላል።

ለምሳሌ ባለ 4/4 ምት አራት ባር እንውሰድ፦ በ1ኛው ዶ ሜጀር፣ በ2ኛው ላ ማይነር፣ በ3ኛው ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ሁለት ሁለት ምት፣ በ4ኛው እንደገና ዶ ሜጀር። አስገቢው ሙሉ ኖታን መርጦ ዶ ሜጀርን ሲነካ፣ ጠቋሚው ወደ 2ኛው ባር መነሻ ያልፋል። ላ ማይነርንም እንዲሁ ያስገባል። ለ3ኛው ባር ግማሽ ኖታን ይመርጣል፤ ይህን ከዘነጋ ፋና ሶል እያንዳንዳቸው ሙሉ ባር ይዘው ዜማው አምስት ባር ይሆናል። በመጨረሻም ወደ ሙሉ ኖታ ተመልሶ ዶ ሜጀርን ካስገባ በኋላ የማብቂያውን ምልክት ያኖራል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የስያሜ ጥያቄ ይነሣል። እያንዳንዱን መግቢያ «ደረጃ» ማለት ለብዙ ተርጓሚዎች የሚቀርብ ምርጫ ነው። ነገር ግን በሙዚቃ ትምህርት «ደረጃ» የድምፁን ቦታ በመሰላሉ ላይ ያመለክታል፤ በዶ ሜጀር ውስጥ ፋ 4ኛ ደረጃ፣ ሶል 5ኛ ደረጃ ናቸው። ከዚህ በላይ ባለው ምሳሌ መግቢያዎቹ አምስት ሲሆኑ ደረጃዎቹ ግን አራት ብቻ ናቸው፤ ዶ ሁለት ጊዜ ገብቷልና። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አንባቢን ያሳስታል። «እርምጃ» ከዚህ ችግር ነጻ ነው። ከ«ተራመደ» የተገኘ በመሆኑ ወደ ፊት የመሄድን ሐሳብ ይዟል፤ ለቁልፉም «ማራመጃ» የሚል ስያሜ ያስገኛል። በአስተዳደር ቋንቋ «እርምጃ መውሰድ» የሚባለው አነጋገር ስላለ መደናገር ይፈጠራል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ሆኖም ዐውዱ ይለየዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቅዳት»ን ይመለከታል። ውኃ ይቀዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ድምፅም ይቀዳል፤ በሁሉም አስቀድሞ ያለ ነገር ወደ ሌላ ዕቃ ይተላለፋል። በእርምጃ በሚገባ አጃቢ ግን የሚቀዳ ጨዋታ ገና የለም። የሚቀመጠው የትኛው ኮርድ በየትኛው ባርና ምት እንደሚገባ የሚያዝ ጽሑፍ መሰል መረጃ ነው። በመሆኑም «መመዝገብ» ይሻላል። «ቅዳ» የሚል መምሪያ ያነበበ ሰው መጫወት ይጀምራል፤ መሣሪያው ግን እያንዳንዱን ንክኪ እንደ አንድ መግቢያ ይቆጥርበታል።

ሦስተኛው ጉዳይ «ርዝመት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ በቀረበው ሮላንድ ኤምሲ-8 ላይ ኖታዎች በቁጥር ሲገቡ፣ ከድምፁ ከፍታ ሌላ ሁለት የጊዜ መጠኖች ተለይተው ይሰጡ ነበር፤ አንዱ እስከሚቀጥለው ኖታ ያለው ጊዜ፣ ሌላው ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ ነው። ሩብ ኖታ በ480 ክፍል በሚለካበት መሣሪያ ላይ አንድ ድምፅ 240 ክፍል ያህል ብቻ ቢሰማ፣ የቀረው 240 ዝምታ ይሆናል። ሁለቱንም «ርዝመት» ያለ ተርጓሚ ልዩነቱን ያጠፋል።

በመጨረሻም የኮርዶችን ስም ማስታወስ ያሻል። በመሣሪያዎቹ ላይ ዶ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሲ» ይባላል፤ በዶሬሚ አጠራር ግን «ሲ» ሰባተኛው ድምፅ ነው። በግእዝ ፊደል ሁለቱ ፈጽመው አንድ ናቸው። ስለሆነም በአንድ መምሪያ ውስጥ አንዱን ሥርዓት ብቻ፣ ይልቁንም ዶሬሚን መከተል ይበጃል።

ለውይይት የሚቀርቡት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. የእርምጃ ምዝገባ፦ ሙዚቃው ቆሞ ሳለ ኮርዶችን ወይም ኖታዎችን አንድ በአንድ በማኅደረ ትውስታ ማኖር።

ለ. እርምጃ፦ በምዝገባ ጊዜ የሚገባ አንድ ኮርድ ወይም ኖታ ከነቦታው።

ሐ. የእርምጃ ጊዜ፦ ከአንዱ እርምጃ መነሻ እስከ ተከታዩ መነሻ ያለው መጠን።

መ. የድምፅ ቆይታ፦ በአንድ እርምጃ ውስጥ ድምፁ የሚሰማበት መጠን።

ሠ. ማራመጃ፦ ጠቋሚውን ወደ ተከታዩ ቦታ የሚያሳልፍ ቁልፍ።

«ኮርድ» በሙዚቀኞች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ በውሰት መቆየቱ ይመረጣል።