ስለ ጥፍር ፈንገስ ሕክምና ጥቂት ቃላት

የቆዳ ሕክምና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ተርጓሚ የጥፍር ፈንገስ ቀላል ርእስ ይመስላል፤ ቃላቱ ሲመረመሩ ግን እንዲያ አይደለም።

በሽታውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ሩብረም የተባለ፥ ጥፍር የተሠራበትን ኬራቲን የሚመገብ ፈንገስ ነው። «ፈንገስ» በ«ሻጋታ» ይተካ ቢባል፥ ሻጋታ በዳቦና በእንጀራ ላይ የሚታየው ነው እንጂ እርሾንና እንጉዳይን አያጠቃልልም። ስለዚህ ሕዝቡ የለመደውን ፈንገስን እንዳለ እንይዛለን።

«ቶፒካል» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በጋዜጣ ቋንቋ «ወቅታዊ» ማለት ሲሆን፥ በሕክምና ግን መድኃኒቱ በታመመው ቦታ ላይ በቀጥታ መደረጉን ያመለክታል። «አካባቢያዊ» ብሎ መተርጐም አንባቢን ወደ ደንና ወደ አየር ጥበቃ ይወስደዋል። «የሚቀባ» ቢባል፥ ከ«የሚዋጥ» ጋር ተነጻጽሮ ግልጽ ይሆናል። «ቅባት» ግን ሌላ ነው። 8 በመቶ ሳይክሎፒሮክስ ወይም 5 በመቶ አሞሮልፊን ያለባቸው ፈሳሾች በጥፍር ላይ ተቀብተው ይደርቃሉ እንጂ ስብነት የላቸውም፤ «ቅባት» የተባለለት በሽተኛ አሽቶ ሊጠርጋቸው ይችላል። «መድኃኒታዊ የጥፍር ቀለም» ብንል፥ ምንም እንኳ ፈሳሹ ቀለም አልባ ቢሆን፥ አቀባቡን በትክክል ያስረዳል።

ከሁሉ የሚከብደው «ሥር» ነው። «በሽታው ጥፍሩ ሥር ከደረሰ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም» የሚል ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ጸሐፊው ያሰበው ጥፍሩ የሚበቅልበትን ክፍል ነው። አንባቢው ግን «ከጥፍሩ በታች» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅዳልና። በሽታው እንደ ልማዱ ከጥፍሩ ጫፍ በታች ስለሚጀምር፥ እንዲህ የተረዳው ሰው ገና ሊጠቅመው የሚችለውን ሕክምና በከንቱ ይተዋል። የእግር ጥፍር ተለውጦ እስኪያልቅ ከ12 እስከ 18 ወር ስለሚፈጅ፥ የጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ጥፍር የሚወጣበትን ክፍል «የጥፍር መብቀያ»፥ ጥፍሩ ያረፈበትን ሥጋ ደግሞ «የጥፍር መደብ» እንላለን። «የጥፍር አልጋ» የእንግሊዝኛ ጥላ ነው፤ የአትክልት መደብ የሚል ቋንቋ አልጋ መበደር አያስፈልገውም። ከላይ የጠቀስነውም ዐረፍተ ነገር «በሽታው የጥፍሩን መብቀያ ከያዘ የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም» ተብሎ ይታረማል።