በርጩማና ዲፕሎማ

በአገራችን ቤት ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል እንደ በርጩማ እየተናቀ የሚያገለግል ጥቂት ነው። እናት ቡና ስታፈላ የምትቀመጠው በርሱ ላይ ነው፤ እንግዳ ሲበዛ ከጓዳ የሚወጣው እርሱ ነው፤ ልጅ ከቆጥ ላይ ዕቃ ለማውረድ የሚቆምበትም እርሱ ነው። በወሎ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲከተል፣ በረካውም እስኪደርስ ድረስ በርጩማው ከሥፍራው አይነሣም። ይሁን እንጂ «ይህን ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ወጣቶችማ ዲፕሎማችንን በግድግዳ ላይ ስንሰቅል ምስማሩን የምንመታው እንኳ በተውሶ መዶሻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንባቢን ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ይዤ፣ በርጩማን በእጅ መሣሪያ መሥራት ምን ዐይነት ትምህርት እንደ ሆነ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

መጀመሪያ የእግሩ ነገር ነው። በርጩማ ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት እግር የሚሆነው እንጨት ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ሦስት ነጥቦች ምን ጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ አራተኛው ግን ሊያፈነግጥ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ባለ አራት እግሩ ወንበር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ሲንገዳገድ ባለ ሦስት እግሩ ረግቶ ይቀመጣል። እናቶቻችን ጂኦሜትሪ ሳይማሩ ድስታቸውን በሦስት ጉልቻ ላይ የጣዱት በዚሁ ምክንያት ነው። በጥንታዊት ግብፅ የነበሩ የእጅ ሠራተኞችም፣ በአውሮፓ ላም የሚያልቡ ገበሬዎችም ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ይጠቀሙ ነበር።

አሠራሩ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በጅማ እንደሚታወቀው መቀመጫውንም እግሩንም ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ማውጣት ነው። ሁለተኛው መቀመጫውንና እግሮቹን ለየብቻ ሠርቶ መግጠም ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ እግር ቢበላሽ ሌላ ይተካልና። መሣሪያውም ብዙ አይደለም፤ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ መሮ፣ መሰርሰሪያ፣ መላጊያ፣ ሞረድና መዶሻ ይበቃሉ።

መቀመጫው ክብ ሆኖ ከተቆረጠ በኋላ የሦስቱን እግሮች ሥፍራ እኩል ማራራቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሲባጎ ይበቃል። ከክቡ መካከል እስከ ጠርዙ ያለውን ርዝመት በሲባጎ ለክተን፣ ሲባጎውን እየወጠርን በጠርዙ ዙሪያ ብናራምደው ልክ ስድስት ጊዜ ይደርሳል። አንዱን ምልክት ይዘን አንዱን ስንዘል የሦስቱ እግሮች አቅጣጫ ይገኛል። እግሮቹም ወደ ታች ሲወርዱ ወደ ውጭ ዘመም ማለት አለባቸው፤ ቀጥ ብለው የቆሙ እንደ ሆነ የተቀመጠው ሰው ወደ ጎን ሲያዘነብል በርጩማው በቀላሉ ይገለበጣል። የእግሩ ጫፍ በቀዳዳው ውስጥ ጠብቆ ከገባ በኋላ አናቱ ተሰንጥቆ ሽብልቅ ይመታበታል። ነገር ግን የሽብልቁ ስፋት የመቀመጫውን እንጨት ጅማት አቋርጦ መዋል አለበት፤ በጅማቱ አቅጣጫ የዋለ እንደ ሆነ መቀመጫውን ራሱን ይፈልጠዋል።

ትልቁ ትምህርት ግን የእንጨቱን ጠባይ ማወቅ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አያርፍም፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት ሲሆን በወርዱ ግን በግልጽ ይጠብባል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ በ1,850 ሜትር ገደማ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። እግሮቹ በሚገባ ሳይደርቁ በደሴ ብርድና ጉም ውስጥ የተሠራ በርጩማ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ እግሮቹ ይላላሉ። ስለዚህ ዐዋቂ አናጢ አስቀድሞ እግሮቹን አጥብቆ ያደርቃል። መቀመጫው ከእግሮቹ ይልቅ ጥቂት እርጥበት ቢኖረው አይጎዳም፤ እየደረቀ ሲሄድ እግሩን ይጨብጠዋልና። ግንዱም የሚደርቀው በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ነው፤ የችኮላ ድርቀት ጫፉን ይሰነጥቀዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የእንጨት ምርጫም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፤ ወይራ ጠንካራ ስለ ሆነ ለመሣሪያ እጀታ ይመረጣል፤ ባሕር ዛፍ በየስፍራው ቢገኝም ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ዋንዛ ግን እየተመናመነ በመሄዱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። እንግዲህ በርጩማ መሥራት የሚማር ሰው ችግኝ መትከልንም አብሮ መማር ይገባዋል።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ስለዚህ «በመኪና ዘመን መሮና መጋዝ ምን ይሠራሉ?» የሚል ሰው ይኖራል። መኪና ሥራን ያፈጥናል እንጂ የእንጨትን ጠባይ አይለውጥም። ይህን ጠባይ በእጁ ዳስሶ ያወቀ ሰው በመኪና ሲሠራም አይሳሳትም፤ ያላወቀ ግን በፍጥነት ያበላሻል።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቀንሶ ይሆናል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ አብሮን ይኖራል። የተማረው ልጃቸው አናጢ መሆን እንደ ፈለገ ቢነግራቸው «ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርንህ ለዚህ ነውን?» የማይሉ ወላጆች ስንት ናቸው? ከዚህም የተነሣ ሥራ የሌለው ምሩቅ በአንድ ወገን፣ ሙያውን የሚወርስለት ያጣ ሽማግሌ አናጢ በሌላው ወገን ሆነው፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ ይቀራሉ።

በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ያስተምራል። በነዚህ ደጃፎች የሚያልፍ ወጣት ሁሉ አናጢ ይሁን አንልም። ነገር ግን በየሠፈሩ ካለው አናጢ ዘንድ ጥቂት እሑዶችን ቢያሳልፍ፣ ሦስት እግር ቀርጾ አንድ መቀመጫ ቢገጥም ከመጽሐፍ ያላገኘውን ያገኛል። ዲፕሎማ ስለ ዕውቀታችን ሌላ ሰው የፈረመልን ምስክር ነው። በርጩማ ግን ፊርማ አያስፈልገውም፤ ተቀምጦበት ማየት ይበቃል።