መብትና ግዴታ በአንድ ካርድ ላይ፦ የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ቤተሰቦች ጉዳይ

አማርኛ ድጋፍ ለሚቀበል ሰው ቢያንስ ሦስት ስሞች አሉት፦ ተረጂ፣ ተጠቃሚና ተገልጋይ። ተረጂ የሚለው ቃል ሰጪውን ቸር፣ ተቀባዩን ባለዕዳ ያደርጋል። ተጠቃሚ ጥቅም መኖሩን እንጂ ጥቅሙ ከማን እንደሚጠየቅ አያመለክትም። ተገልጋይ ግን አገልጋይ እንዳለው የሚያስታውስ ስያሜ ነው፤ አገልግሎቱ ሲጓደል የሚጠየቅ አካል መኖሩንም ይጠቁማል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለቤተሰቦች በሚሰጠው ካርድ ላይ መብትና ግዴታን ጎን ለጎን ማስፈሩ ተረጂውን ወደ ተገልጋይነት ለማሸጋገር የተደረገ ሙከራ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ሆኖም በካርዱ ላይ እኩል ቦታ የተሰጣቸው ሁለቱ ነገሮች በአፈጻጸም እኩል ክብደት የላቸውም።

ግዴታው በግልጽ የሚለካ ነው። ፕሮግራሙ በየዓመቱ ይቀርብ የነበረውን አስቸኳይ የእርዳታ ጥሪ አስቀድሞ በሚታወቅ የምግብ ወይም የገንዘብ ክፍያ ለመተካት የታሰበ ሲሆን፣ ጉልበት ያላቸው ቤተሰቦች በልዋጩ እርከን ይሠራሉ፣ ተፋሰስ ያለማሉ፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋሉ። የሥራው ስሌት በመርህ ደረጃ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነው። ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ስለማይሠሩ ድርሻቸውን፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ፣ ጉልበት ያላቸው የቤተሰቡ አባላት ይሸፍኑላቸዋል። በሥራ ቦታ ስም ይጠራል፤ መገኘት በቅጽ ይመዘገባል፤ የቀረ ቀን ከክፍያ ላይ ይቀነሳል። ስለሆነም ግዴታው መለኪያም፣ መዝጋቢም፣ ቅጣትም አለው።

መብቱስ? ተጠቃሚው ክፍያውን በወቅቱና ሳይሸራረፍ የማግኘት፣ ለካርዱ ገንዘብ ያለመክፈል፣ በምልመላው ላይ ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሲዘገይ እንደሚቀጣው ሁሉ ክፍያው ሲዘገይ የሚቀጣ ወገን የለም። በሰኔ ሊደርስ የሚገባው ስንዴ በነሐሴ ቢደርስ ኪሎው አይጎድልም፤ በመካከሉ ግን ቤተሰቡ ፍየሉን በርካሽ ሸጦ ወይም በአራጣ ተበድሮ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ የተቀረጸው የቤተሰብ ጥሪት እንዳይሟጠጥ ጭምር በመሆኑ፣ መዘግየት የአሠራር ጉድለት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ዓላማውን ከሥሩ ይነካል። በመዘግየቱ የጠፋችው ፍየል ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አትመዘገብም።

ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት የታሰበው መፍትሔ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። መመሪያው ኮሚቴው ከመልማዮቹ የተለየ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም የራስን ውሳኔ በራስ መዳኘት ፍትሕ አይሆንም። አስቸጋሪው ግን ቀበሌ ትንሽ ዓለም መሆኑ ነው። መልማዩና ቅሬታ ሰሚው በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ በአንድ እድር ይቀበራሉ፣ ምናልባትም ይጋባሉ። ከዝርዝሩ የወጣች እናት ስታመለክት የምትከሰው ጎረቤቷን ነው፤ የሚተካላት ቦታ ደግሞ፣ የተጠቃሚው ቁጥር በኮታ የተወሰነ በመሆኑ፣ ከሌላ ጎረቤት የሚነጠቅ ሊመስላት ይችላል። የእድር አባል በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው መዋጮ ከፋይ ስለሆነ ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚም ጉልበቱን ከፍሏል፤ ነገር ግን ያገኘውን የላቡን ዋጋ ሳይሆን ስጦታ አድርጎ እስከቆጠረው ድረስ ዝምታን ይመርጣል። በመሆኑም ቅሬታ ያልቀረበበትን ቀበሌ ሁሉ ቅሬታ የሌለበት አድርጎ መውሰድ ለተመራማሪ አደገኛ ነው።

የተመረጡ ቤተሰቦች ዝርዝር በአደባባይ መለጠፉም ሁለት ገጽታ አለው። አድልዎን ያጋልጣል፤ በዚያው ልክ የቤተሰብን ድህነት፣ አንዳንዴም ሕመምን ያስነብባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ለግል ሕይወት የሚሰጠው ጥበቃ ለድሃ አይቀነስም። ስምን መለጠፍ ለማኅበረሰቡ ቁጥጥር በቂ ከሆነ፣ የተመረጡበትን ምክንያት አብሮ መለጠፍ የሚያስፈልግ አይመስልም።

ከሁሉም ይልቅ የሚወሳሰበው በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ክፍፍል ነው። ካርዱ የቤተሰብ ነው፤ ዶማውን የሚያነሳው ግን ግለሰብ ነው። አባወራው ክፍያውን ተቀብሎ ሚስት እርከኑን ብትሠራ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል፤ መብቱና ግዴታው ግን በሁለት ሰዎች ላይ ተከፍለው ቀርተዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር መደንገጉ ይህን በከፊል ያርማል። በልዋጩ የእርግዝና ክትትል እንድታደርግና በጤናና በሥነ ምግብ ትምህርት ላይ እንድትገኝ ይጠበቃል፤ ባትገኝ ግን ክፍያዋ አይቆረጥም። ይህ ልልነት ሳይሆን ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሩቅ ወይም ባለሙያ የሌለው ከሆነ ግዴታዋን ያልተወጣችው እርሷ ሳትሆን አገልግሎቱ ነውና። ከአጠቃላይ ፕሮግራሙ ግዴታን ከአገልጋዩ አቅም ጋር በግልጽ ያቆራኘው አንዱ ክፍል ይኸው ነው።

ቤተሰብ ከፕሮግራሙ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። ቃሉ ጋዋን የለበሰ ሰው ቢያስታውስም፣ ለቤተሰቡ ትርጉሙ የክፍያ መቋረጥ ነው፤ ስለዚህም በጽሑፍ የተገለጸ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለወላጅ ወይም ያለአሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም በዚሁ አቅጣጫ የተቀረጸ ነው። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ የድጋፉን መጠን ሊገድብ ይችላል፤ ምክንያትን ገልጾ መወሰን ግን በጀት አይጠይቅም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በምክንያት እንዲደገፍና በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። አዋጁ የፌዴራል በመሆኑ ግን ምልመላውም ምረቃውም የሚወሰንበትን የክልል ወረዳና ቀበሌ አይገዛም።