ሥራው ባለበት ቦታ

አንድ ሶፍትዌር ለሥራ ቦታ መስማማቱ የሚለየው ሥራው ሲካሄድ ነው፤ በስብሰባ የጸደቀ የመስፈርት ሰነድ ይህን አያሳይም። ለዚህ የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ጥሩ ማስረጃ ናት። የካርቱም ባንክ ያወጣው «ባንካክ» ደንበኞች በስልካቸው ገንዘብ እንዲያስተላልፉበት የተሠራ መተግበሪያ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ ግን ቅርንጫፎች ተዘጉ፣ ጥሬ ገንዘብም ጠፋ፤ ባንካክም የባለሱቁና በየሰፈሩ ለተራበው ምግብ የሚያበስሉት በጎ ፈቃደኞች ዋና የሥራ መሣሪያ ሆነ። ሸማቹ ሂሳቡን በመተግበሪያው ከላከ በኋላ ማረጋገጫውን ከስክሪኑ ላይ ቀድቶ በዋትሳፕ ለባለሱቁ ይልክለታል። ባለሱቁ የሚፈልገው ዕቃው ከእጁ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ መግባቱን ማወቅ ነው። የተቀዳ ምስል ግን ሊጭበረበር ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ልማድ ሠራተኛው ራሱ የጻፈው የማሻሻያ ጥያቄ ነው፤ ማንበብ ያለበት ሶፍትዌሩን የሚሠራው ባለሙያ ነው።

ጦርነትን ማን አስቀድሞ ያውቃል የሚል ይኖራል። ጦርነቱን ማንም አላወቀው ይሆናል፤ ባንካክን የሚያቆመው የኔትወርክ መቋረጥ ግን ለካርቱም እንግዳ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተዘግቷል፤ ከጥቅምት 2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም እንዲሁ ለሳምንታት ተቋርጧል። በ2016 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ኔትወርኩ ሲጠፋ ድጋፍ የሚቀበሉት በባንካክ ስለነበር ሥራ ያቆሙ የጋራ ወጥ ቤቶች ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ያለ ኔትወርክ ገንዘብ ማስተላለፍ ከባድ ነው፤ ያው ገንዘብ ሁለቴ እንዳይከፈል የሚቆጣጠር መዝገብ ያስፈልጋል። ክብደቱ ግን ችግሩን ከሥራው ዝርዝር አያስወጣውም።

ሠራተኛ የሚፈልገውን አያውቅም የሚለው ተቃውሞ የበለጠ የተለመደ ነው። በከፊል እውነት አለው፤ በባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው ይቸግረዋል። ከ1981 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. በስካንዲኔቪያ የተካሄደው የዩቶፒያ ፕሮጀክት መልሱን አሳይቷል። የኅትመት ሠራተኞች ገና ያልተሠራውን መሣሪያ ከካርቶንና ከወረቀት በተሠራ ሞዴል ፊት ቆመው እንደ ዕለት ሥራቸው ሞከሩት። በቃል መናገር ያቃታቸውን እጃቸው ተናገረ፤ ስህተቱም ኮድ ሳይጻፍ፣ በርካሽ ተያዘ። ጊዜ ይፈጃል ለሚሉትም መልሱ ይኸው ነው፤ ካርቶን መቀየር ቀላል ነው፣ ሥራ ላይ የዋለ ሥርዓት መቀየር ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ሶፍትዌር የምታሠሩ ኃላፊዎች፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያውን ከመጋዘን ጸሐፊያችሁ ወይም ከገንዘብ ተቀባያችሁ አጠገብ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን አስቀምጡት።