ባትሪውን ገልብጡት

የጓሮ መሣሪያ ልትገዙ መደብር ስትገቡ መጀመሪያ ግራ የሚያጋባችሁ ቁጥሩ ነው። 18፣ 20፣ 36፣ 40፣ 60፣ 80 ቮልት። ሻጩ ትልቁን ያሳያችኋል፣ ኪሳችሁ ትንሹን። ማሽኑን ለጊዜው ተዉትና ባትሪውን አንስታችሁ ገልብጡት። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲያጭድና አጥር ሲከረክም ለሚውል ሰው ዋናው ግዢ እሱ ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ የምርጫ መሆኑ ቀርቷል። ዲሲ በቤንዚን የሚሠራውን ቅጠል መንፊያ፣ ሁሉም «ብሎወር» የሚለውን፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ከልክላለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሽያጩን ከጁላይ 2024፣ መጠቀሙን ከጁላይ 2025 ጀምሮ አግዷል። ክልከላው የመጣው በብሎወሩ ነው። ግን አንዴ ለብሎወሩ ባትሪና ቻርጀር የገዛ ሰው ማጨጃውንም መከርከሚያውንም ከዚያው አምራች መግዛቱ አይቀርም፤ የአንዱ ባትሪ የሌላው ማሽን ላይ አይገባምና።

ወደ ገለበጣችሁት ባትሪ እንመለስ። ፕላስቲኩ ውስጥ ከሪሞት ባትሪ ትንሽ ወፈርና ረዘም ያሉ ሴሎች ተደርድረዋል። የተለመደው ልክ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ነው፤ አዳዲሶቹ 21 በ70 ናቸው። ዓይነታቸው ሊቲየም-አዮን ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለውም የእሱ ዘመድ ነው። ሶኒ በ1991 ለገበያ ያወጣው፣ ለሥራው መሠረት የጣሉትን ሦስት ሳይንቲስቶችም በ2019 ለኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ያበቃው ነው።

እያንዳንዱ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት አለው። አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18 ቮልት ይሰጣሉ፣ አሥሩ 36፣ አሥራ አምስቱ 54። «20 ቮልት» የሚለውስ? ያው አምስት ሴል ነው! ሴሉ ሲሞላ 4 ቮልት ያልፋል፤ አምስት ጊዜ አራት ሃያ። ዲዎልት ይህን ባትሪ አሜሪካ ውስጥ 20፣ አውሮፓ ውስጥ 18 ብሎ ይሸጠዋል። በ36 እና በ40፣ በ54 እና በ60 መካከል ያለውም ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ነው። ማጭበርበር ነው አልልም፤ ወደዚያ ግን ጠጋ ይላል።

ታዲያ የቱን ቁጥር እንይ? በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋት-ሰዓት። ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ሲባዛ የሚገኘው እሱ ነው። 36 ቮልት በ7.5 አምፔር-ሰዓት 270 ነው፤ 54 ቮልት በ5 ደግሞ ያው 270። ሁለቱ ባትሪዎች ለሥራ የያዙት ስንቅ እኩል ነው። ከፍ ያለው ቮልት ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ያንኑ ጉልበት በትንሽ አምፔር ስለሚያደርስ ሽቦውም ሞተሩም ያነሰ ይሞቃሉ።

270 ዋት-ሰዓት ምን ያህል ነው? በቤንዚን ብትለኩት 30 ሚሊሊትር ገደማ፣ ግማሽ የቡና ሲኒ የማይሞላ። ይህች ጠብታ ማሽን ታንቀሳቅሳለች ብሎ ማን ያምናል? ትንሿ የቤንዚን ሞተር ግን ከምትጠጣው አብዛኛውን የምታወጣው በሙቀትና በጭስ ነው፤ እናንተ ቅርንጫፍ ስታነሱም ቆማ ትጠጣለች። የባትሪው ሞተር ከሚወስደው አብዛኛውን ሥራ ላይ ያውላል፤ ጣታችሁን ስትለቁ ደግሞ ዝም።

አሁን የወጥ ቤት ሚዛን አምጡ። ከአንድ አምራች ሁለት ባለ 18 ቮልት ባትሪ ካላችሁ፣ አንዱ 2 ሌላው 4 አምፔር-ሰዓት የሆነ፣ መዝኗቸው። ትልቁ በግልጽ ይከብዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ አምስት፣ ትልቁ አሥር ሴል ነውና፣ ጎን ለጎን ሁለት ሁለት እየሆኑ። ብዙ ሰው ትልቁ «ረጅም ሰዓት ይሠራል» ብሎ ብቻ ይገዛዋል። ጥቅሙ ከዚያ ይበልጣል። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ያውቃል የአገራችን ገበሬ፤ ያው ቃሬዛ በአምስት ሰው ትከሻና በአሥር ሰው ትከሻ አንድ አይደለም። ሞተሩ 40 አምፔር ቢጠይቅ በትንሹ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል 40ውን ሙሉ ይሸከማል፤ በትልቁ 20 ብቻ። የሴሉ ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ልክ አይወርድም፣ በእጥፉ እጥፍ ነው የሚወርደው፦ ሸክሙ ግማሽ ሲሆን የአንዱ ሴል ሙቀት ሩብ ይሆናል። ስለዚህ ያው ማሽን ወፍራም ሣር ሲገጥመው በትልቁ ባትሪ የተሻለ ጉልበት ያሳያል፣ ባትሪውም ዕድሜው ይረዝማል።

የባትሪውን አፍ እዩት። ሁለት ሰፊ የብረት መግጠሚያዎች አሉ፣ አዎንታዊውና አሉታዊው። በመካከላቸው ሌሎች ትንንሾች ታያላችሁ (በብረት አትንኩ)። እነዚህ ጉልበት አያስተላልፉም፣ ወሬ ነው የሚያቀብሉት፦ ስንት ዲግሪ እንደሞቀና ሴሎቹ እንዴት እንዳሉ። ሥራ መሃል ማሽኑ ድንገት ቀጥ ሲልባችሁ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ባትሪው «ሞቆኛል» ብሏል፣ ማሽኑም ሰምቶታል። ጥላ ውስጥ ጥቂት አሳርፉት።

ማሽኖቹ ራሳቸው ሆዳቸው እኩል አይደለም። መከርከሚያው ቆጣቢ ነው፤ እርስ በርስ የሚላወሱ ሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ አለቀ። 200 ዋት ቢወስድ 270ው ባትሪ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ያሠራዋል። ስትገዙ የጥርሶቹን ክፍተት እዩ፤ ከዚያ የሚወፍር ቅርንጫፍ አይገባበትም። ሁለት እጅ ካልያዘው የማይነሳው ደግሞ ለክፋት አይደለም፤ አንዱ እጃችሁ ጥርሱ ጋ እንዳይሄድ ነው። ቅርንጫፍ ቢነክስ መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ።

ማጨጃው መካከለኛ ነው፤ የሚያስደስተውም ድምፁ ነው። አጭር ሣር ላይ ግፉትና ቀስ ብላችሁ ወደ ረጅሙ አስገቡት። ድምፁ ሲለወጥ ትሰማላችሁ። ብራሽለስ (ብራሽ የሌለው) በሚባለው ሞተር ውስጥ መጠምጠሚያው ቆሞ ማግኔቱ ነው የሚዞረው፤ የትኛው ጥምጥም መቼ መብራት ያግኝ የሚለውን የሚወስነው ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ሣሩ ስለቱን ሲያዘገየው ወዲያው አውቆ ይጨምርለታል፣ ሲቀልለት ይቀንሳል። ስለቱ የደነዘ እንደሆነ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ባትሪውን ለመጨረስ ይውላል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ካጨዳችሁ በማግስቱ የሣሩን ጫፍ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እኩል ከተቆረጠ ስለቱ ደህና ነው፤ ጫፉ ተተልትሎ ከነጣ ወይም ቡናማ ከሆነ ሳሉት።

ሆዳሙ ብሎወሩ ነው። ነፋሱን ስታፈጥኑት በአንድ ሴኮንድ የሚያልፈው አየር ይበዛል፤ የእያንዳንዱም ትንፋሽ ጉልበት ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ሁለቱ ሲባዙ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ይባዛል። በተግባር ይህ ማለት ነፋሱን ወደ 80 በመቶ ብትመልሱት የሚበላው ጉልበት ግማሽ ገደማ ይሆናል። 800 ዋት የሚወስድ ብሎወር 270ውን ባትሪ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ጣታችሁን ትንሽ ብታላሉ 40 ደቂቃ ይቆያል። አትመኑኝ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት፦ አንዱን ባትሪ በሙሉ ኃይል፣ ሌላ ቀን ያንኑ በመካከለኛ። ደረቅ ቅጠል ሙሉውን አይፈልግም። ሙሉው ለረጠበና መሬት ላይ ለተለጠፈ ይቀመጥ።

የባትሪ ቁጥር ስትወስኑም በብሎወሩ ቁጠሩ። በመከርከሚያው የቆጠረ ሰው ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ግቢ ቆሞ ይቀራል።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ከ20 ወደ 50 በመቶ ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከ80 ወደ 100ስ? የመጨረሻው ይንቀራፈፋል፤ ሴሉ ሊሞላ ሲቃረብ ቻርጀሩ ሆን ብሎ ፍሰቱን ይቀንሳልና። የጓሮው ባትሪም እንደዚሁ ነው። ሥራ ከተጣደፈ 80 ላይ ንቀሉትና ሌላውን ሰኩ። ቻርጀር ስታበዙ ደግሞ የቤቱን መስመር አስቡ፦ የአሜሪካ ተራ መስመር 120 ቮልት፣ 15 አምፔር ነው፣ ማለትም 1,800 ዋት። መስመሩ ባለ 550 ዋት ፈጣን ቻርጀር ሁለት ይችላል፤ ሦስተኛውን አንድ መስመር ላይ ለረጅም ሰዓት መሰካት ግን ብሬከሩን መፈታተን ነው።

ክረምቱን ባትሪውን መኪና ውስጥ አትተዉት። ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የቀዘቀዘ ሴል ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ ያ ጉዳት አይመለስም። ደህና ቻርጀር እንዲህ ያለውን እምቢ ይላል። ለወራት የሚቀመጠውን ደግሞ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቤት ውስጥ አኑሩ።

አገር ቤት ለሚወስድ ሰው ሌላ ሂሳብ አለ። አውሮፕላን ላይ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሆነ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከሁለት ትርፍ ባትሪ ሳይበልጥ። ከ160 በላይ መንገደኛ ይዞ አይሄድም፤ ትርፍ ባትሪም የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። 270ው እዚያው ይቀራል ማለት ነው። ባለ 18 ቮልቱ፣ 5 አምፔር-ሰዓት የሆነው፣ 90 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ያልፋል። ሁለት ባለ 18 ቮልት ጎርሶ በ36 የሚሠራ ማጨጃ አለ፤ ማኪታ እንዲህ ያለ ይሠራል። አዲስ አበባ ግቢ ያለው ዘመድ እጅ ይደርሳል ብላችሁ ካሰባችሁ ምርጫዬ ከዚህ ወገን ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ቻርጀሩንም ገልብጡት። ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ ግን የአዲስ አበባው 220 ወዲያው ያቃጥለዋል፤ ለባትሪያችሁ የተሠራውን ባለ 220 ቮልት ቻርጀር አብራችሁ ግዙ።