ከክትባት ብልቃጥ በስተጀርባ ያለው የብርጭቆ ጥበብ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች በግና ፍየል የሚያረቡ አርሶ አደሮች የእንስሳት ክትባት በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ሲመጣ ያውቁታል። ስለ ክትባቱ ብዙ ይነገራል፤ ስለ ብልቃጡ ግን እምብዛም አይወሳም። ይሁንና ብልቃጡ ደካማ ከሆነ ክትባቱ መርፌው ዘንድ ሳይደርስ ይበላሻል።

ተራ ብርጭቆ የሚሠራው አሸዋ፣ ሶዳ አሽና የኖራ ድንጋይ በአንድነት ቀልጠው ነው። ለመጠጥ ጠርሙስ በቂ ቢሆንም ለመድኃኒት ሁለት ጉድለቶች አሉበት። በድንገት ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ፈሳሽ ሲቆይበትም ሶዲየም እየለቀቀ የፈሳሹን ጠባይ ይለውጣል።

መፍትሔውን ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት ነው። እ.አ.አ. በ1884 ከኤርንስት አቤ፣ ከካርል ዛይስና ከልጁ ከሮደሪክ ዛይስ ጋር በየና ከተማ የብርጭቆ ላቦራቶሪ አቋቋመ። የመጀመሪያ ዓላማቸው ለማይክሮስኮፕ የጠራ ሌንስ ማግኘት ነበር። ሾት በቅይጡ ውስጥ ቦሮን ሲጨምር ግን ሙቀትንና ኬሚካልን የሚቋቋም ቦሮሲሊኬት የተባለ ብርጭቆ ተገኘ። ለላቦራቶሪ የሚውለው ዓይነት ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራውን ብርጭቆ ሲሶ ያህል ብቻ ነው።

ኩባንያው በ1911 ፊዮላክስ የተባለ የመድኃኒት ብርጭቆ ቱቦ ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ያለው ቱቦ በእሳት እየለሰለሰ ተቆርጦ አንገትና መቀመጫ ሲበጅለት ብልቃጥ ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ የአሜሪካ ጦር 41 የብርጭቆ ባለሙያዎችን ከየና ወደ ምዕራብ ጀርመን ወሰደ፤ ኩባንያውም በ1952 በማይንዝ ከተማ አዲስ ፋብሪካ ከፈተ።

በሀገራችን በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከሚያመርታቸው መካከል የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ይገኝበታል። ይህን መሰሉ ክትባት በብልቃጥ ውስጥ እንደ በረዶ ረግቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። ብልቃጡ ከመሞላቱ በፊት በከፍተኛ ሙቀት ይጸዳል፤ ከተሞላ በኋላ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። ይህን የሚችል ብርጭቆ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ጠንካራው ብርጭቆ ግን የቆላውን ሙቀት አያግድም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ሊቆይ ይገባል፤ ከተበጠበጠ በኋላም በአጭር ጊዜ መሰጠት አለበት። የተሰነጠቀ ብልቃጥ እርጥበት ስለሚያስገባ አገልግሎት ላይ አይውልም። አርቢዎችም መንጋቸውን ፀሐይ ሳይበረታ፣ በማለዳ ወደ ክትባት ቦታ ቢያደርሱ የክትባቱ ኃይል በሙቀት እንዳይባክን ያግዛሉ።